የዳምቦያው በሬ ትከሻ

ትርፌ ዓለሜ፣

ይህን ካላወራሁልሽ ያመኛል! እዚህ ዳምቦያ የጎረቤቴ የጋሽ ኤርጃቦ በሬ አንድ ትከሻው ሟሸሸ። «ራበው» ብለው ፉርሽካና ስኳር ድንች በእጃቸው ሲያጎርሱት ከረሙ። አልሞላ ሲል ለመስቀል ቅርጫ ሊያርዱት ወሰኑ።

የከብት ሐኪሟ ራሔል «ጋሼ፣ በሬ በአንድ ትከሻው ብቻ ይራባል እንዴ? ቀንበሩ ነርቩን ጎድቶት ነው። ነርቭ ሲጎዳ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያሳርፉት፣ ነርቩ ካገገመ ይሞላል» አለቻቸው።

እሺ ብለው አሳረፉት። ዛሬ፣ ካረፈ በስምንተኛው ወር፣ ትከሻውን ዳሰስኩት፤ እየሞላ ነው! ከአደጋው ወዲህ የከሳው ቀኝ እጅሽ ትዝ ብሎኝ በሬውን አቅፌ አለቀስኩ። ጋሽ ኤርጃቦ ሳቁብኝ። አንቺም «ምን ዋጋ አለው» ብለሽ ፊዚዮቴራፒውን እንዳታቋርጪ።

እማማንና ሃቢባን ሳሚልኝ። መልሱን በዚያው እጅ ጻፊው፤ ጭረት ብቻ ቢሆንም አነበዋለሁ።

ሃናሽ