ታላቁ ልጅ ገባ ወይ?

ለታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? አባባን ጉልበቱን ተሻለው ወይ? እኔም ባለቤቴ ኤጀታም ደኅና ነን፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ከእንጦጦ ከሚወርደው ብርድ በቀር ያስቸገረን የለም። አብዮታዊ ሰላምታ የምትጠብቂ ከሆነ ግን ከእኔ ቤት አታገኚም፤ እሱ አንቺው ዘንድ የተረፈ ይኖራል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ኮተቤ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ። ከተመለስሽ ሁለት ወር አለፈ፤ እኔ ደግሞ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበትን የአባቴን ቤት እንደ ውጭ አገር ቆጥሬው ተቀምጫለሁ። ለሰው ሁሉ አሞኝ ነው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ቀንቼብሽ ነው።

በሕይወት በመገኘትሽ አይደለም የቀናሁት፤ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። ለዘመቻ እንደወጣሽ ድምፅሽ ሲጠፋ ስንቅ ይዤ በየእስር ቤቱ በር እዚህ አለች ወይ እያልኩ የዞርኩት እኔ ነኝ። እማማን ሐዘንሽ ሲጨርሳት ያስታመምኩት፣ የቀበርኩትም እኔው ነኝ። ሰርጌን አላየሽም፤ ብታዪም የሚታይ አልነበረውም። ቤቱ አንቺን እያለቀሰ ነው ተብሎ ከበሮ አልተመታ፣ እልል አልተባለ፤ አባባ እጃችንን ይዞ ጸለየልንና ሁለት ድስት ወጥ ተበልቶ ሰው ተበተነ። ለአንቺ ግን ድንኳን ተተከለ! በሬ ተጣለ! የዚያን ቀን እኔም መጥቼ ነበር፤ አታውቂም። እልልታውን ከመንገድ ሰማሁት፤ በመሐሉ የአንቺን ሳቅ ለየሁትና ከአጥሩ ሥር ተመለስኩ።

በሳምንቱ አባባ በዚያ ጉልበቱ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ልጄ፣ የእኔ የሆነው ሁሉ የአንቺም አይደለም ወይ፣ ምን አጎደልኩብሽ ብሎ ለመነኝ። ምሳ አብልቼ ሸኘሁት። እመጣለሁም አልመጣምም አላልኩትም።

ታዲያ ዛሬ ምን አስጻፈሽ ትዪ እንደሆነ የኤጀታ ሥራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ዛሬ በምንነጋገርበት አማርኛ ከሚተረጉሙት ጋር እንደሚሠራ አባባ ነግሮሽ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገች ወዲህ እኛ ምእመናን የምንከተለው በየቤቱ የሚነበብልንን ነውና፣ የሰማነው ካልገባን ጠፋን ይላል። ደንብ አላቸው። አንድ ምዕራፍ ተተርጉሞ ሲያልቅ ከዚህ በፊት ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ይነበብለታል፤ ሰሚው የሰማውን በገዛ አፉ መልሶ ይነግራቸዋል። የተሳሳተበት ቦታ ላይ የሚታረመው እሱ ሳይሆን ትርጉሙ ነው።

መጀመሪያ ሰሚ ልሁን ያልኩት እኔ ነበርኩ። አነበበልኝ፤ አንድም ሳላስቀር መለስኩለት። በሳቅ ፈረሰ። ለካ ሲገለብጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘሎ ኖሮ፣ እኔ ያልተነበበልኝን ጭምር ነግሬዋለሁ! አንቺ የምትሰሚው በልጅነትሽ የሸመደድሽውን ነው እንጂ እኔን አይደለም አለኝና ከሰሚነት ሻረኝ።

በእኔ ቦታ ማን ተሾመ መሰለሽ? ኩልሱም፣ ጎረቤታችን ባለ ሱቋ። ሙስሊም ስለሆነች ወንጌሉን ሰምታው አታውቅም፤ ለእነሱ ሥራ ደግሞ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ባሏን አስከትላ ትመጣለች። ባሏ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል፤ ኤጀታ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከአፏ የሚወጣውን ይለቅማል። በአራት ዓመት ትዳራችን እኔ ስናገር እንደዚያ ሰምቶኝ አያውቅም። እኔ ጓዳ ሆኜ ድስት አንኳኳለሁ። አየሽ፣ የምቀናው በአንቺ ብቻ አይደለም፤ ልማድ ሆኖብኛል።

ባለፈው እሁድ የተነበበላት የሁለቱ ወንድማማቾች ታሪክ ነበር። ኩልሱም መልሳ ስትናገረው ነገሩ የሆነው ትናንት፣ እዚሁ ሰፈር ይመስል ነበር። ታናሽየው ድርሻውን ይዞ ሄደ፤ በትኖት ተርቦ ሲመጣ አባቱ ሮጦ አቀፈው፤ ፍሪዳ ታረደ። ታላቅየው ከእርሻ ሲመለስ ጭፈራውን ሰምቶ አልገባም አለ፤ አባቱ ደጅ ወጥቶ ለመነው። እዚህ ስትደርስ ወደ ኤጀታ ዞረች። ከዚያስ፣ ገባ ወይ ብላ ጠየቀች።

እኔ ከጓዳ፣ ገባ እንጂ ብዬ ጮህኩ። ኤጀታ ቀና ብሎ፣ የቱ ጋ ይላል አለኝ።

እጄን ጠርጌ አባባ ለሰርጌ የሰጠኝን አሮጌውን መጽሐፍ አወረድኩ። እህቴ፣ የለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ቆሜ በቃሌ ስወጣው ልጁ ሁልጊዜ ይገባልኝ ነበር፤ ያስገባሁት ግን እኔው ነኝ። አሮጌውም አዲሱም አባትየውን እንደ ለመነ ትቶት ያልፋል። ታዲያ አንድ መስመር ጨምረህ ብታስገባው ምን አለበት አልኩት። የሌለ አልጨምርም አለኝ። ንዴቴ ይህን ያህል ነው አይባልም።

ኩልሱም ግን አልጨረሰችም። ሽማግሌው ብቻውን ደጅ ወጥቶ ሲለምን ያ ታናሽየው አልሰማም ወይ፣ እሱ ለምን አልወጣም አለች። የዚያን ጊዜ ያቺን ሴትዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳት። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ እያሰብኩ ወጥ ሳሳርር ነው የከረምኩት።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልሰጠውም። ራሴ አምጥቼ በበሩ ሥር አሾልከዋለሁ፤ ከዚያ ከአጥሩ ውጭ በልጅነታችን እንቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ እሆናለሁ። አባባን እንዳትልኪው፤ እሱ ድርሻውን ለምኗል። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ የታረደልሽ በሬ አሁንም ደረቴ ላይ እንደ ተጋደመ ነው። ብትወጪ እገባ እንደሆነም ቃል አልሰጥሽም፤ አልተጻፈማ።

ለአባባ ዕድሜውን ያርዝምለት። አንቺንም ዳግመኛ ከመጥፋት ይጠብቅሽ።

ደጅ ያለችው
ታላቅ እህትሽ

ስትወጪ ጋቢ ደርቢ፤ ውጭው ይበርዳል።