ከስፒከሮችህ ስር የነበሩት ጎማዎች

የምወድህ ወንድሜ ናቲ፣

ከሄድክ ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ነው የቀረው። አስራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። በቁመት ሳልደርስብህ አልቀረሁም፤ ጃኬትህ ልክ ሆኖኛል። እማዬ ጥቁሯን እስካሁን አላወለቀችም። አንተ ከሆስፒታል ሳትመለስ ከቀረህ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ አልተከፈተም። ቴሌቪዥኑም ለዜና ብቻ፣ ድምፁ ተቀንሶ ነው የሚከፈተው።

ያን ሰሞን ለለቅሶ የሚመጣው ሰው እንዲቀመጥ ሳሎኑ ባዶ ሲደረግ፣ የዕድር ሰዎች ስፒከሮችህን አንስተው ጓዳ አስገቧቸው። ኋላ ወደ ቡፌው ስመልሳቸው ከስራቸው ያደረግካቸው ጎማዎች የሉም። ቤቱን የጠረጉት ጎረቤቶች ቁርጥራጭ ጎማ ምን ያደርጋል ብለው ከቆሻሻው ጋር ጥለዋቸው ይሆናል። ማንንም አልጠየቅኩም። በለቅሶ ቤት ስለ ጎማ አይጠየቅም።

ባለፈው ሰኞ ካራ ሰፈር ያለው አጎታችን ደውሎ "ስፒከሮቹ ዝም ብለው አቧራ ከሚለብሱ ልውሰዳቸው" አለ። እማዬም "እሺ፣ ቅዳሜ ና" አለችው። እኔ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እንድከፍታቸው ለመንኳት። እሷም "ቀስ አድርገህ" አለችኝ።

ከፈትኩት። ናቲ፣ ያንተ ድምፅ አልነበረም። ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ ተደበላልቋል፣ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጫሉ። ስፒከሮቹን ያመጣሃቸው ሰሞን እንደዚሁ ነበር። እማዬ ከጓዳ "ብርጭቆዬን ልትጨርሰው ነው!" ስትልህ አንተ "እሱም እየጨፈረልሽ ነው" ትላታለህ። ከዚያ ነው ወሰን ሰፈር ጎሚስታ ከሚሠራው ጓደኛህ ከቶፊቅ ዘንድ ጎማ ያስቆረጥከው። መጀመሪያ ያለ ጎማ፣ ቀጥሎ ከነጎማው እየከፈትክ እጄን ቡፌው ላይ አሳረፍከው። ስፒከሩ እንጨቱን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ እንጨቱ የራሱን ድምፅ እንደሚጨምር፣ ጎማው መሃል ገብቶ ያንን እንደሚያስቀር የገባኝ በእጄ ነው። "ድምፅ ወደ ጆሮ ይሂድ እንጂ እንጨት ውስጥ ምን ይሠራል?" አልከኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቶፊቅ ጋ ሄድኩ። ስምህን ስጠራለት የያዘውን ጎማ አስቀመጠና "የናቲን ነዋ የምትፈልገው" ብሎ ልክ እንደ ድሮዎቹ አድርጎ ቆረጠልኝ። ከዚያ አንተ ሙዚቃ ከመስማትህ በፊት ታደርግ እንደነበረው ወደ እንጦጦ ወጣሁ። "ጆሮ መጀመሪያ ይታጠብ" እያልክ ባሕር ዛፉ ስር ዝም አሰኝተህ ታስቀምጠኝ ነበር። ብቻዬን መቀመጥ ከበደኝ፤ ግን ተቀመጥኩ።

ቤት ገብቼ ከሁለቱም ስፒከሮች ስር በአራቱም ማዕዘን ጎማ አደረግኩና ከፈትኩት። ዘፋኙ ከበርሜሉ ወጣ። ያንተ ድምፅ ነበር። እጄን ቡፌው ላይ ባደርግ እንጨቱ ዝም ብሏል። ደስ ብሎኝ ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እሷ ግን ደስ አላላትም።

"ብርጭቆዎቹስ?" አለችኝ።

አልገባኝም።

"ትናንት ሲንቀጫቀጡ፣ ጓዳ ሆኜ... እሱ የመጣ መስሎኝ ነበር" አለች።

ከቀኙ ስፒከር ስር ጎማዎቹን አወጣሁ። ብርጭቆዎቹ በዚያ በኩል ቀስ ብለው መንቀጫቀጥ ጀመሩ። እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነሳችም። ሲያልቅ ስልኳን አንስታ ለአጎታችን ደወለችና "ቅዳሜ መጥተህ ምሳ ብላ፣ ስፒከሮቹ ግን የትም አይሄዱም" አለችው።

አሁን አንዱ ስፒከር ጎማ ላይ፣ አንዱ ባዶ እንጨት ላይ ነው። ብትሰማው እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ። ያወጣኋቸው ጎማዎች ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ናቸው። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እመልሳቸውና አንተ እንደምትወደው አድርጌ እሰማለሁ። የግቢው በር ሲከፈት ደግሞ ለእሷ አወጣቸዋለሁ። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ግን አልረሳም፤ እጄን ቡፌው ላይ ያሳረፍከው አንተ ነህ።

ታናሽህ ቢኒ