ባትሪውን ሌሊት ሌሊት ስለጠጣው ቀይ መብራት

መቱ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ፈንታሁን
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ

ጓድ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል እላለሁ። ብርዱ ጉሮሮዎን እንዳይነካብዎ፣ ድምፅዎም እንዳይሰልል ከልብ እመኛለሁ፤ ይህች ከተማ ያለ ድምፅዎ ምን ይውጣታል? እኔ በጋራዡ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆንኩት ወልደሰንበት፣ በአካል ደኅና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በውይይት ክበብ እያንዳንዱ ሠራተኛ ሂሱንና ግለሂሱን ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጥፍ ስላዘዙ፣ ትእዛዝዎን በማክበር ከሁሉ ቀድሜ እነሆ ለጥፌአለሁ። ያነበበ ሁሉ እንዲረዳው ነገሩን በአጭሩ ላስቀድም፦ ባለቤቴ ድንቅነሽ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በምጥ ላይ ሳለች ከሁሩሙ ወደ መቱ በሚመጣው መንገድ ላይ ሞታለች። የሞተችው የመሥሪያ ቤታችን ላንድሮቨር አልነሣም ስላለች ነው። ላንድሮቨሯ ለምን እንዳልተነሣች ደግሞ በዚህ አገር ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፣ ዕውቀታችንን ለብቻችን መያዝ ነውር መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፦ በሚያዝያ ወር በላንድሮቨሯ ላይ የድምፅ ማጉያ እንዲገጠም ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ማጉያው በቁልፉ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው እንዲገናኝ ማዘዝዎ ደግሞ አርቆ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ሕዝብን ለስብሰባ የሚጠራ መሣሪያ ምን ጊዜም በተጠንቀቅ መቆም አለበት ብለው ነበርና፣ መኪናዋ ተቆልፋ ሰው ሁሉ ሲተኛ እንኳ በማጉያው ሳጥን ግንባር ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ትበራ ነበር። ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው የላንድሮቨሯ ሞተሪኖ መዞር አቃተው። እርስዎም ባትሪውን የማይንከባከብ ሰነፍ ብለው በሠራተኛው ፊት ገሠጹኝ።

ተግሣጽዎን ተቀብዬ የባትሪውን ጫፎች በፍል ውኃ አጠብኩ፤ ግራሶ ቀባሁ። የተጣራ ውኃ ሞላሁለት፤ አሲዱን ክፍል በክፍል ለካሁ፤ ሁሉም ጤነኛ ነበር። ማታ የከተማው መብራት በሚመጣባት ሰዓት ቻርጅ አደረግሁት። ሲነጋ ግን እንደገና ባዶ! እንግዲህ ባትሪው ካልታመመ የሚሰርቀው አለ ማለት ነው ብዬ ሌባውን ፍለጋ ገባሁ። መኪና ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ የባትሪውን አንድ ገመድ ፈትቶ፣ በገመዱና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል ማገናኘት ነው ዘዴው። አምፖሉ ከበራ፣ አንድ የሆነ ነገር ተደብቆ እየጠጣ ነው። በራ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ አሁንም በራ። ሁሉን ጨርሼ ግራ ስጋባ እጄን ሳላስበው ማጉያው ሳጥን ላይ ጣል አደረግሁ። መኪናዋ በሙሉ ከጤዛው የተነሣ እንደ በረዶ ቀዝቅዛ ነበር፤ ሳጥኑ ግን ሞቅ ይል ነበር። በሥራዬ ዓይኔንም መለኪያዬንም አምናለሁ፤ ከሁሉ የማምነው ግን እጄን ነው።

ሁለተኛ፦ የማጉያውን ሽቦ ከባትሪው በመፍታቴ ስለ ሰጡኝ ትምህርት። ከፈታሁት በኋላ ባትሪው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አላሳፈረንም ነበር፤ እርስዎ ግን ያዩት መብራቷ መጥፋቷን ነበር። በስብሰባ አቁመውኝ፣ ቀይ መብራት ያጠፋ ሰው በልቡ ሌላ ምን ሊያጠፋ እንዳሰበ ሕዝቡ ይመርምር አሉ። አሻጥር የምትለዋ ቃል ሦስት ጊዜ ተነሣች። ስለ አምፖሉና ስለ ሳጥኑ ሙቀት ልናገር ብሞክር፣ ቴክኒክ ከፖለቲካ አይበልጥም ብለው አስቀመጡኝ። ተቀመጥኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ አሰላለፍ ያወጡት መመሪያ። ሾፌራችን ኩማ፣ ሃያ ዓመት የኢሉባቦርን ጭቃ የነዳ ሰው፣ ላንድሮቨሯን ሁልጊዜ የሚያቆማት ከግቢው በላይ ካለው ዋርካ ሥር፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነበር። ናፍጣ የምትጠጣ ናትና ባትሪው ቢሞትም ፍሬን ለቆ ማርሽ ካስገባላት ታች ሳትደርስ ትነሣለች። ይህን የአገሩ ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ያዮም ዳሪሙም ቢሄዱ ሜዳ ላይ መኪና የሚያቆም ሾፌር አያገኙም። እርስዎ ግን ከላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ፣ የሕዝብ ንብረት እንደ ከብት ዛፍ ሥር አይበተንም በማለት መኪኖቹ ሁሉ ከባንዲራው ፊት በሜዳው ላይ በአንድ መስመር እንዲቆሙ አዘዙ። እውነትም ያምር ነበር። ጎብኚዎቹም አልመጡም።

ድንቅነሽ ለመጀመሪያ ልጇ እንደ ደንቡ እናቷ ቤት ሁሩሙ ሄዳ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን ንጋት ላይ ጎረቤታቸው ኢቲቻ በቅሎ ጋልቦ፣ እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ ግቢው ደረሰ። ምጡ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ልጁ በሆዷ ውስጥ ተጋድሟል፤ ቶሎ መኪና ይዛችሁ ድረሱ አለን። የመውጫውን ፈቃድ ያለ አንዳች ክርክር ፈርመው ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ፤ ፊርማዎ ከሞተሪኖው ይልቅ ፈጣን ነበር። ኩማ ቁልፉን ሲያዞረው ቀጭ ብላ ዝም አለች። ማጉያው ላይ ቀይዋ መብራት ሊከስም እንደ ደረሰ ፍም ደብዝዛ ትታይ ነበር፤ የመጨረሻዋን ጠብታ እየጠጣች። ዘበኞቹን ጨምረን ዘጠኝ ሰው ሆነን ገፋን። ማርሽ ሲገባ ጎማዎቹ ጭቃው ላይ ይንሸራተታሉ እንጂ አይዞሩም። ባንዲራውን ሁለት ጊዜ ዞርነው። ያን ጊዜ ኩማ ከመሪው ወርዶ፣ ወደ ዋርካው እያየ፣ «ወልዴ፣ እዚያ ላይ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ሁሩሙ ነበርን» አለኝ። ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም አልልም፤ ኩማን ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከአንድ የቡና ጭነት መኪና ባትሪ ተውሰን የተነሣነው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የሁሩሙ ሰዎች መጠበቅ ቢያቅታቸው በቃሬዛ ተሸክመዋት በእግር ጀምረው ኖሮ፣ መንገድ እኩሌታ ላይ ተገናኘን። ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠውት ቆመው ነበር። በኋላ እናቷ እትዬ ዘውደነሽ እንደ ነገሩኝ፣ ድንቅነሽ መንገዱን ሁሉ ስትጠይቅ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የላንድሮቨሯ ድምፅ አይሰማችሁም?» የሞተሯን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ማታ ማታ ስለ እርሷ ስለማወራ ትቀናባት ነበር። እኔም ቀርቤ እጇን ያዝኩ። ሙቀትና ቅዝቃዜን በእጄ የምለይ ሰው ነኝ ብዬዎት የለ? ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅሁ። ልጁም ከእርሷ ጋር ሄደ።

አራተኛ፦ ይህ በራሴ ላይ ነው፤ ግለሂስ ብለዋልና። ያን ሽቦ መልሶ ያሰረው ማን ነው? ከስብሰባው ማግስት፣ ጓድ ኃላፊ ቆመው እያዩ፣ በገዛ እጄ አሰርኩት። አጥብቄም አሰርኩት፤ ፈርቼ ነበርና እንዳይላላ ተጠነቀቅሁ። ሽቦው ሌሊቱን ምን እንደሚያደርግ እርስዎ አያውቁም ነበር፤ እኔ ግን ዐውቅ ነበር። ሚስቴ በየትኛው ወር እንደምትወልድም ዐውቅ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንዲሉ፣ ድንቅነሽን የገደላት ፍርሃቴ ነው ብዬ በዚህ ሰሌዳ ላይ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። እርስዎ በበኩልዎ የሚያረጋግጡት ነገር ካለ ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ትቼልዎታለሁ።

በሠልስቱ ለላኩልን የኀዘን መግለጫ ደብዳቤ፣ ማኅተሙም ሳይቀር ጉልህ ስለ ነበር፣ ቤተ ዘመዱ በሙሉ እጅ ነሥቷል። በዚያው ዕለት ላንድሮቨሯ ለቅሶ በተቀመጥንበት በር አልፋ፣ በሕዝብ ንብረት አያያዝ ላይ ስብሰባ መኖሩን ስታሰማም ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ሲነጋም የሚነሣ መኪና ለእርስዎና ለቤተሰብዎ እየተመኘሁ፣ ተግሣጽዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ ታዛዥ ሠራተኛዎ

ወልደሰንበት

ግልባጭ፦
ለእትዬ ዘውደነሽ፣ ሁሩሙ። (ማንበብ ስለማይችሉ ኩማ በኦሮምኛ ያነብላቸዋል።)

አባሪ፦
አንድ ክንድ ከስንዝር የሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ።

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚስማር የተሰቀለው ሽቦ የትኛው እንደ ሆነ ጓድ ኃላፊ አያጡትም። ዛሬ ጠዋት ነው የቆረጥኩት፤ ሳጥኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጄን ጭኜበት ቆየሁ። አሻጥረኛውን ፍለጋ እንዳይደክሙ፣ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁዎት ነው። ላንድሮቨሯን ከባንዲራው ፊት ካጧት ደግሞ አይደንግጡ፤ ከዋርካው ሥር አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረን አቁመናታል። የሌላ ሰው ሚስት ምጥ ከያዛት፣ ኩማ ፍሬኑን መልቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።