ሐዘንተኛዋ ንግሥት

ኅዳር 14፣ ቦንጋ

ዓይነ ስውሯን ንግሥት ዛሬ አለፍኳት።

ልጄ ሐና ላፕቶፗ ላይ የጫነችውን ይህን ጨለማ የጃፓን ጌም የወደድኩት ስለማያባብል ነው። የሞተ ጓደኛ አይነሳም። እኔም በምጽፋቸው ታሪኮች ውስጥ የሞተ አላስነሳም። ንግሥቲቱ በጨዋታው አብረውኝ የሚዋጉ ጓደኞቼን ገድላ ጨርሳ፣ የቀረችኝ መንገድ የምታበራልኝ ፋኖስ ያዢ ብቻ ነበረች። እሷ ከሞተች ጨዋታው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ዛሬ ሰይፍ ከመምዘዜ በፊት ንግሥቲቱን ደህና አድርጌ አየኋት። ጥቁር ለብሳለች። ጸጉሯን ተላጭታለች። ዙፋኗን ትታ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሐዘንተኛ ናት። ሰይፉን አስቀምጬ አጠገቧ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይታ አለቀሰች፤ ከኋላዋ ያለው በርም ተከፈተ።

ሐና አላመነችም። እሷና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ንግሥቲቱን ሙሉ ሴሚስተር ሲደበድቧት ከርመው አላለፏትም።

«አባዬ፣ ኢንተርኔት ላይ አይተህ ነው አይደል?»

«ለቅሶ ቤት በሰይፍ ይገባል እንዴ?» አልኳት።

ደረቴን ነፍቼ ስኳር ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ እየመዘነልኝ ሳለ ሐና ደወለች።

«ከንግሥቲቱ በር ወዲያ አንድ ሽማግሌ መንገድ ዘግቶ ቆሟል። ልምታው?»

«ሰላም ሳትዪው? እንዳትነኪው፣ መጣሁ።»

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ትቼ ወጣሁ።