ዘጠኝ እጅ

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለፀደንያ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እናትሽስ፣ ባለቤትሽ ምንያህልስ ደህና ናቸው? ልጅሽ ሃይሚ ጥርስ አበቀለች ወይስ እንደ እኔ በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ከእንጦጦ ከሚወርደው ብርድና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ይመስገን።

ዛሬ የምጽፍልሽ ልቀልድብሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው። አገር የሚያስተዳድረው አንድ ሰው ነው ብዬ ስሟገትሽ፣ ሕገ መንግሥቱን ገልጠሽ ዝም ያሰኘሽኝን ታስታውሻለሽ? ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ ሚኒስትሮቹም አብረው ለወሰኑት አብረው ይጠየቃሉ አልሽኝ። በፊትሽ አላመንኩልሽም እንጂ፣ የእድራችንን ደንብ እንድጽፍ ሲሰጡኝ ያንኑ ገልብጬ አስገባሁት፤ የማስፈጸም ሥልጣን የኮሚቴው ነው፣ አባላቱም በጋራ ለወሰኑት በጋራ ኃላፊ ናቸው ብዬ። ሰዉ ሳይማር የተማረ እያለ ሲያሞግሰኝ፣ ካንቺ መስረቄን አልተናገርኩም።

ሐምሌ ላይ የጎረቤቴ የበዳዳ እናት አረፉ። ከሰላሌ ከመጡ ገና ወራቸው ነበርና ስማቸው በእድሩ መዝገብ የለም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ድንኳን አይሰጥም ብሎ ወሰነ። ዘጠኝ ነበርን፤ ዘጠኝ እጅ ወጣ። የእኔ የወጣው ከሰው ላለመለየት ነው። ለቀስተኛው ሦስት ቀን በላስቲክ ሥር ዝናብ ሲመታው ሳይ፣ በዳዳን ወደ ጥግ ወስጄ፣ የጨከኑት እነሱ ናቸው፣ እኔስ ተቃውሜ ነበር አልኩት። አቅፎኝ አለቀሰ።

በዚህ ቢበቃ ምን ነበር። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ በዳዳ ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። ስምንቱ ዞረው አዩኝ። ጸሐፊያችን አስካለች ቃለ ጉባኤውን ብታወጣ ዘጠኙ እጅ ይነበብና ጉዴ ይወጣ ነበር፤ እሷ ግን ደንቡን ገልጣ እኔው የጻፍኩትን የጋራ ኃላፊነት አንቀጽ ቀስ ብላ አነበበችና ተቀመጠች። አንድ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ እኔ፣ አጎትሽ።

እሑድ በዳዳ ቤት ሄጄ፣ እጄን እኔም አውጥቼ ነበር አልኩት። በርጩማ ስቦ አስቀመጠኝ። ኋላ፣ «ስምንቱን ይቅር ብዬ ጨርሻለሁ» አለኝ። «ያንተን ግን ገና ዛሬ መጀመሬ ነው።»

ምንያህልን ሰላም በይልኝ፤ ሃይሚን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እህቴን ለተጊዮርጊስን እጅ ንሺልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት። እሷ ዘንድ እንኳ ሰው ሆኜ ልቆይ።

አጎትሽ በርናባስ
ቀበና፣ የካ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.