የተነከሰው ሃምሳ ሳንቲም

ወንድሜ ሚልክያስ፣ የጌታ ሰላም እስከ ሞያሌ ድረስ ይምጣልህ። እኛ ሶዶ ያለነው ሁላችንም በጸጋው ደህና ነን።

ተፈረደልህ! ጠርዙ የተነከሰውን ያን ሃምሳ ሳንቲም “ከማተሚያው እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው” ስትላቸው፣ አባባ “በሞረድ ቆርጠህ ልታታልለኝ ነው” ብለው ከቤት አስወጥተውህ አልነበር? እውነቱ ያንተ ነበር። ሌላ ሃምሳ ሳንቲም ራሴ ሞረድኩና በትምህርት ቤታችን አጉሊ መነጽር ትተኸው ከሄድከው ጋር አስተያየሁት። እኔ የሞረድኩት ተጭሯል፤ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ግን ሙሉ ነው። ያንተው አንድም ጭረት የለውም፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝም ሳስቷል። ብረቱ ገና ሳይታተም ጎዶሎ ስለነበር ሲታተም የፊት ለፊቱ ጠርዝ ግፊት አጥቶ በወጉ አልተነሳም።

ኦቶና ሆስፒታል ወስጄ ለአባባ አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱትና “ልጄ አልዋሸም!” አሉ፤ ነርሷ እስክትዞር ድረስ ጮክ ብለው። ከሾርባ በቀር ምንም አይቀምሱም፤ ሳንቲሙን ግን ከእጃቸው አይለቁም። “ልላክለት?” ብላቸው “መጥቶ ከእጄ ይውሰድ” አሉኝ።

ስልክ ስለማታነሳ ይህን በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። አትቸኩል፤ ሐሙስ ወደ ሶዶ ሲመለስ ግን ወንበር ይይዝልሃል።

በጸሎቷ የማትረሳህ እህትህ፣
ሜላት