ለአምስት ድረ ገጾች አስተዳዳሪ፣ ከአምስተኛው ፎልደር ነዋሪ

ክብርት የእህቴ ልጅ፣ የመንገዳችን አምስት ድረ ገጾች የበላይ አስተዳዳሪ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዐይንዎ ከኮምፒውተሩ ብርሃን፣ ወገብዎም ከወንበሩ ጥቂት እንዲያርፍ እመኛለሁ። እኔ ቁልፍ ሠሪው አጎትዎ ደህና ነኝ፤ ባልሆንም ጠያቂ ስለሌለኝ ደህና መሆኑ ይቀለኛል። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር መስታወት ላይ የምለጥፈው፣ ድረ ገጼ ላይ እንዳላወጣው ድረ ገጼ ከማክሰኞ ጀምሮ ስለሌለ ነው።

የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ነው። በገጼ አናት ላይ ያስቀመጡልኝ የቁልፍ ሥዕል ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር። ደንበኞቼ ምን እንደሆነች ሲጠይቁኝ "ዝንብ ናት፣ አሁን ትነሣለች" እያልኩ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ቅሬታ የለኝም። ወረቀቱ ግን ቦታ ስለተረፈው የሚከተሉትንም በትሕትና አክላለሁ።

1. አምስታችንን፣ ማለትም ልብስ ሰፊውን፣ የጥርስ ሐኪሟን፣ አበባ ሻጯን፣ መነጽር ሻጩንና እኔን በአንድ የሆስቲንግ አካውንት ሥር ሲያሰፍሩን "አጎቴ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤት በለው" ብለው አስረድተውኛል፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ያልነገሩኝ፣ ሳሎኑ የልብስ ሰፊው፣ ከደረጃው ሥር ያለችው የመጥረጊያ ማስቀመጫ ደግሞ የእኔ መሆኗን ነው። ሰውየው አራት መቶ የኮት ፎቶ አለው። አንዱን ኮት ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን! ኮቱ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው እንዴ?

2. ባለፈው ወር አካውንቱ ሊሞላ ነውና ፎቶ ቀንሱ ሲሉን፣ እኔ ሦስቱን ፎቶዎቼን ሁለት አደረግኩ። ልብስ ሰፊው ሱሪ ጨመረ። እርስዎም "ጎበዝ ነው፣ ይሠራል" አሉ።

3. የካቻቢቴ አያያዝ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ። በሰባት ዓመትዎ የዚህን ሱቅ ቁልፍ ፈትተው ሲገጥሙ አንዲት ሞላ ብትተርፍዎ "ይቺ ትርፍ ናት፣ ላንተ" ብለው ኪሴ ከተቷት። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ያን ጊዜ ቅዳሜ የእኔ ነበር። አሁን ቅዳሜን ከጎኔ ባለው የልብስ ሰፊው ሱቅ ኮት ፎቶ ሲያነሡ ይውላሉ፣ ሳቅዎም በግድግዳው በኩል ይደርሰኛል። በሳቁ ቅር አይለኝም፤ ግድግዳው ግን በጣም ስስ ነው።

4. ከማክሰኞ ጀምሮ አምስቱም ድረ ገጾች በመጥፋታቸው፣ ቦታውን ያከራየንን ድርጅት በስልክ ሲወቅሱ መሰንበትዎን ሰምቻለሁ። ድርጅቱን ይተዉት፣ ምስኪን ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ የግቢውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ ሠሪ ነኝና የይለፍ ቃሉን ለመገመት ሁለት ሙከራ በቃኝ። ሐሳቤ ከልብስ ሰፊው ፎልደር ጥቂት ኮት መቀነስ ነበር፤ መምረጡ ቢሰለቸኝ ፎልደሩን እንዳለ ሰረዝኩት። የእሱ ድረ ገጽ መጀመሪያ ስለተከፈተ የቀረነውን አራታችንን በእሱ ፎልደር ውስጥ እንዳስቀመጡን ማን ነገረኝ? ጎረቤቴን ላስወጣ ብዬ የራሴን ጣራ ጭምር አወረድኩ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚለው ተረት ትዝ ያለኝ ከሥሩ ሆኜ ነው። የሐኪሟ ቀጠሮዎች፣ የአበባዎቹ ትእዛዝ፣ መነጽሮቹ፣ ዝንቤም ሳትቀር፣ ሁሉም አንድ ላይ ሄዱ።

5. ነገ ጠዋት ጎረቤቶቻችን ተሰብስበው "ልጅቷ አልቻለችም" በማለት ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ሊሰጡ መሆኑ ደረሰኝ። ሦስት ቀን አፌን ዘግቼ መክረሜን እንደ ትዕግሥት ቢቆጥሩልኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ፍርሃት ነበር። እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያንብብ፦ ልጅቷ ችላለች፤ ያልቻለው ቅናቱን መያዝ ያቃተው አጎቷ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ካለዎት የእኔን ቤት መጨረሻ ይመልሱ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም ከሚበልጥ ቅናት ጋር፣
የሰውን በር ከፍቶ የራሱን ያጣው ቁልፍ ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ። የልደት ቀን ደካማ ቁልፍ ነው። በእርስዎ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። በእኔ ብሞክር ወለል ብሎ ተከፈተ። ያን ጊዜ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ፤ እኔ ግን የከፈተልኝን ቁልፍ እንኳ ሳላይ ወደ ኮቶቹ ሮጥኩ። እንዲህ ላለ ሰው የልደት ቀን ምን ያደርግለታል?

በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊው ነው። "ወንድሜ፣ በእኔ ፎቶ ብዛት ያንተም ቤት ጠፋ አሉ፣ ይቅር በለኝ" ብሎ ሊጠይቀኝ መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ወንበር ስስብለት የመጀመሪያውን ገጽ ከጠረጴዛው አንሥቶ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ፓስፖርቱ ላይ ሲደርስ ሳቀ። አሁን ቁጥር ሁለትን ጨርሷል። ልጄ፣ ቁጥር አራት ላይ ሳይደርስ ቶሎ ነይ።